ወንድሜ የመረጠው ማጉያ

ጎንደር ማራኪ ሰፈር ባለው ግቢዬ ውስጥ ሁለት ክፍል ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራያለሁ። ዘንድሮ የገቡት ሁለት ወንዶች ልጆች ጊታር ይጫወታሉ። ጨዋ ናቸው፤ ማታ ማታ ድምፃቸውን ቀንሰው ነው የሚለማመዱት፤ እኔም አልከለክላቸውም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ በረንዳዬ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ስልክ ላይ አፍጥጠው ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ሜዳ ላይ ለመጫወት መብራት የማያስፈልገው፣ በባትሪ የሚሠራ የጊታር ማጉያ ሊገዙ ነው። አንዱ ትልቁን ወዷል፤ ሜዳ ይሞላል ይላል። ሌላው ትንሹን፤ ጥሩ ነው፣ ቀላል ነው ይላል። አልስማማ ሲሉ አንደኛው ቀና አለና፣

«እማማ የሺ፣ እስኪ እርስዎ ይፍረዱን። የትኛው ይሻላል?» አለኝ። ለጨዋታ ነበር የጠየቀኝ።

«ማነው የሚሸከመው?» አልሁት።

ልጆቹ ተያይተው ሳቁ። አሮጊት ስለ ሸክም እንጂ ስለ ድምፅ ምን ታውቃለች ብለው ይሆናል። እኔ ግን ነጠላዬን እንኳ ሳላወርድ ገብቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ያችን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማኋት በጃንሆይ ዘመን፣ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ላይ አንድ ራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ትምህርት ቤት የምሄድ ኮረዳ ነበርሁ። የተጠየቀው ወንድሜ ጌታሁን ነው።

አባታችን ከከተማው ደብሮች በአንዱ መሪጌታ ነበሩ። ማኅሌት ሲቆሙ ድምፃቸው ከቅጥሩ ውጭ ይሰማል፤ ቤት ውስጥ ግን ጥቂት የሚናገሩ ሰው ናቸው። እናታችን የሞተችው እኔ ድክ ድክ ስል ነው። ጌታሁን በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጠኝ አያ እያልሁ ነው የምጠራው። አባታችን ከሕፃንነቱ ጀምረው ዜማ አስተምረውታል፤ ድምፁም ቁርጥ የአባቱ ነው ይባል ነበር። እሳቸውን ይተካል ብሎ ሰው ሁሉ ሲጠብቅ፣ አንድ ክረምት ማለቂያ ላይ ጠፋ። ከጭነት ማኪና ሹፌር ጋር ተስማምቶ አሥመራ ገብቶ ኖሯል። እዚያ በየቡና ቤቱ ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር ገጥሞ ጊታር ለመደ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለስ ጠጉሩ አድጓል፣ ፊቱ ከስቷል፣ ጊታሩን በጀርባው አንግቷል። አባታችን ደጁ ላይ ቆመው አዩት። ተቆጥተውም አልነበር።

«አንተ ግባ። ያ ግን በዚህ በር አይገባም» አሉ፣ ጊታሩን በዓይናቸው እያመለከቱ።

ጌታሁን ጊታሩን ከጀርባው አላወረደውም። እጅ ነሥቶ ዞረና ሄደ። አውቶ ፓርኮ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየ፤ ማታ ማታ ፒያሳ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ እየዘፈነ ይኖር ጀመር። ከዚያ ቀን ወዲህ አባታችን ስሙን አንስተው አያውቁም። ወደ እሱ አትሂጂ ብለውም አልከለከሉኝም። ዝም አሉ፤ እኔም ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠርሁት።

የጌታሁን ሳል የጀመረው ክረምት ላይ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን መስሎት ነበር። የጎንደር ክረምት ደግሞ ግድግዳ የሚያረጥብ፣ ልብስ የማያደርቅ ክረምት ነው፤ የማይስል ሰው አልነበረም። መስከረም ጠብቶ ሜዳው ሁሉ በአደይ ሲሸፈን የሌላው ሰው ሳል አለፈ፤ የሱ ቀረ። ሐኪም ቤት ሲሄድ ሳንባው መቁሰሉን ነገሩት። መርፌ ታዘዘለት። ወተት ጠጣ፣ እንቁላል ብላ ተባለ። ሐኪሙ ሥራውን ሲሰማ ግን እርሳሱን አስቀምጦ፣

«ዘፈን አቁም። ጮክ ብለህ ሰው እንኳ አትጥራ። ይህ ቁስል ሲከፈት እኔ የምዘጋበት ነገር የለኝም» አለው።

ይህን የነገረኝ ጌታሁን ራሱ ነው፤ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ነገረኝ።

የገና ጾም ገብቶ ነበር። በመሪጌታ ቤት በጾም ወተት ማፍላት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወተቱን ከጎረቤት እየገዛሁ፣ አባታችን ደብር ሲውሉ አፍልቼ በቆርቆሮ ጣሳ አድርጌ በነጠላዬ ስር ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ሳይታሰብ ቶሎ ተመለሱ። ድስቱ ገና አልታጠበም፤ ሽታውም ቤቱን ሞልቶታል። ምድጃው ዘንድ ቆሙና ወደ ድስቱ አዩ። ከዚያ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አንሥተው፣

«ዕቃውን አጥርተሽ እጠቢ። ሽሮ የሚሠራበት ነው» ብለው ወጡ።

ለማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተቱን አልደበቅሁም፤ ብቻ እሳቸው ፊት አላፈላም።

ጌታሁን መዝፈን ከቀረ በኋላ ቡና ቤቱ ሌላ ዘፋኝ አመጣ። እሱ ቀኑን ሙሉ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ይጫወታል። የሚጫወተውን ዘፈን ቃሉን ስለማውቀው አንድ ቀን አብሬው ማዜም ጀመርሁ። በሩ ተዘግቶ ነበር፤ ያኔ የመሪጌታ ልጅ ስትዘፍን መሰማት ቀላል ነገር አልነበረም። አዝማሪ መባል ለሴት ልጅ ስድብ ነበር፤ ስሟን ብቻ ሳይሆን የአባቷን ስም ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ ቀስ ብዬ ነው የጀመርሁት። እያደር ግን ድምፄ ራሱ ተከፈተ። ጌታሁን መጫወቱን ሳያቋርጥ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲሰማኝ ቆየና፣

«ይህን ድምፅ ከየት አመጣሽው?» አለኝ።

«ካንተ።»

«እኔማ ከአባባ ነው ያመጣሁት» አለና ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት።

በሕይወቴ እንደዚያ ወራት ደስ ብሎኝ አያውቅም ብል አልዋሸሁም። ወንድሜ እየከሳ፣ እኔ ደስ ይለኝ ነበር። የዚያ ዕድሜ ነገር እንዲህ ነው፤ ሞት አጠገብ ተቀምጦ እንኳ ሰው ነገን ያያል። እኔ የማየው ነገ እሱ ሲጫወት እኔ ስዘፍን ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ፣

«አያ፣ አንተ ተጫወት፣ እኔ ልዝፈን። አብረን እንሥራ» አልሁት።

«ትምህርትሽስ?»

«እማራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ብቻ።»

«አባባስ?»

ጣሳውን አንሥቼ መጥረግ ጀመርሁ። እሱም አላስጨነቀኝም። «እስቲ እናያለን» አለ፤ እኔ ደግሞ እሺ ያለኝ መስሎኝ ሄድሁ።

ገና አልፎ ጥምቀት ሲቃረብ ከደጋው አገር ከወገራ መልእክት መጣ። የእናታችን ወንድም አያ ወርቄ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ሙሽራው ዳባት የሚያስተምር ወጣት ነው፤ ጎንደር ሳለ ቡና ቤት ገብቶ ጌታሁንን ሰምቶታል። ለሠርጌ አዝማሪ ብቻ ሳይሆን ጊታርም ይኑር ብሏል። አያ ወርቄም የእህታቸው ልጅ በሰው ፊት ከፍ ብሎ እንዲታይ ፈልገዋል። መታመሙን ሰምተዋል፤ ዝፈን አላሉትም፣ ተጫወት ብቻ ነው ያሉት። ጌታሁን መልእክቱን ሲሰማ ፊቱ ላይ ደም የተመለሰበት መሰለኝ።

ችግሩ አንድ ነበር። ጊታር ቤት ውስጥ ሸጋ ነው፤ ሜዳ ላይ፣ በጭብጨባና በእልልታ መካከል ግን ከፊት ከተቀመጠው ሰው አልፎ አይሰማም። ድሮ ይህን የሚሸፍነው ድምፁ ነበር። አሁን ድምፁ ስለሌለ ጊታሩ ራሱ መጮህ አለበት። ወገራ ደግሞ መብራት የለም። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ ማጉያ መፈለግ ግድ ሆነ።

አያ ንጉሤ በጣሊያን ጊዜ ሙያ የለመዱ፣ ራዲዮ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። ሱቃቸው ጠባብ ነው፤ የቀለጠ ቆርቆሮና የአቧራ ሽታ አለው። ስንሄድ ሁለት ማጉያ አወጡልን። አንደኛው ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ፊቱን የሸፈነው ጨርቅ ጥጉ ላይ ተቀዷል። የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነው። ከጀርባው ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ለጊታር፣ ሌላው ለማይክሮፎን። ሁለተኛዋ የጃፓን ሥሪት ነች፤ ትንሽ፣ አዲስ፣ እንደ ቦርሳ በእጅ የምትያዝ። የምትሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ በጅ ባትሪና በራዲዮ ውስጥ በሚገባው። ቀዳዳዋ አንድ ብቻ ነው።

ከሱቁ ጀርባ ባለው ጓሮ ሞከርናቸው። ጌታሁን መጀመሪያ ትንሿን ሰካ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ግን ቀጭን፣ ከሩቅ እንደሚጠራ ሰው ዓይነት። ከዚያ ትልቁን ሰካ። አንዴ ክሩን ሲነካው ጣራው ላይ የነበሩት ርግቦች ብድግ ብለው በረሩ። ድምፁ በደረቴ ውስጥ ሲያልፍ ይሰማኝ ነበር። አያ ንጉሤ አቧራ የጠጣ ማይክሮፎን አምጥተው በሁለተኛው ቀዳዳ ሰኩና፣

«እስቲ ልጄ፣ አንድ ነገር በይበት» አሉኝ።

አልዘፈንሁም፤ አፈርሁ። ስሜን ብቻ ጠራሁ። ስሜ ከሳጥኑ ወጥቶ የጓሮውን ግድግዳ መትቶ ተመለሰ። የራሴ ድምፅ እንዲህ ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ደነገጥሁ፤ ከድንጋጤው ስር ግን አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ ዛሬም ድረስ ስም አላወጣሁለትም። ዞር ስል ጌታሁን እያየኝ ነው።

አያ ንጉሤ ሳጥኑን በእግራቸው ገፋ እያደረጉ፣ «ይህን ከወሰድህ፣ ማነው የሚሸከመው?» አሉት። «ሳጥኑ ብቻውን አንድ ሰው ነው። ባትሪው ሌላ ሰው ነው፤ ካዘነበለ አሲዱ ይፈስሳል። አንተ ደግሞ ልጄ፣ አትቀየመኝ፣ ዕቃ የሚሸከም ሰው አትመስልም።»

«ሁለት ነን» አልሁ እኔ ቶሎ ብዬ። «ባትሪውን እኔ እይዛለሁ።»

ጌታሁን ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ክሩን ሳይመታ በጣቱ ዳበስ ዳበስ አደረገው። ወደ እኔ አየ፣ ወደ ማይክሮፎኑ አየ፣ ከዚያ መሬቱን አየ። ቆይቶ ተነሣና፣

«ትንሿን እወስዳለሁ» አለ።

ጆሮዬን አላመንሁትም። «ምነው አያ? አንድ ቀዳዳ ብቻ እኮ ነው ያላት።»

«እኔ ያለኝም አንድ ጊታር ብቻ ነው» አለኝ።

ተናድጄ ወጣሁና መንገድ ላይ ቆምሁ። እሱ ከአያ ንጉሤ ጋር ጥቂት ቆየ፤ ስለ ድንጋዩ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። እውነትም ጠይቋል፤ ሲወጣ ሽማግሌው ተከትለውት፣ «ራዲዮ ላይ ረጅም ጊዜ ይሄዳል። በዚች ላይ ግን አልሞከርሁትም፤ መለወጫ ያዝ» ሲሉት ሰምቻለሁ። እስከ አውቶ ፓርኮ ድረስ ማጉያዋን በግራ እጁ አንጠልጥሎ ከኋላዬ መጣ። አላናገርሁትም። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድምፄን ሰምቶ አልወደደውም፣ አልፈለገኝም። ያን ቀን እስኪመሽ አለቀስሁ። ከዚያም ወተቱን ደጁ ላይ አስቀምጬ እመለስ ጀመር።

ለሠርጉ መሄዴን አባታችን ፈቀዱ፤ የእናቴ ወገን ሠርግ ነውና ይገባኛል። እሳቸው አልመጡም። ከጌታሁን ጋር በአንድ ጭነት ማኪና ሄድን። ሹፌሩ ሳሉን ሲሰማ ጋቢና ውስጥ አስገባው፤ እኔም ከሴቶች ጋር ኋላ ተጫንሁ። ጥር ነው። የአምባ ጊዮርጊስን ከተማ ስናልፍ ሜዳው ገብሱ ታጭዶ ገለባ ብቻ ቀርቶበታል፤ በጥላው በኩል ውርጩ ገና አልሟሟም። የወገራ ነፋስ ዛፍ የለው፣ ኮረብታ የለው፣ ዝም ብሎ ይመጣል። ከመንገዱ ወርደን ወደ አያ ወርቄ ቤት ስንወጣ ዘመዶች ተቀበሉን፤ ጊታሩን ለአንዱ ሰጠ፣ ማጉያዋን ግን ከእጁ አልለቀቀም። ትንሽ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ አገር የሚያይ ይመስል ዙሪያውን ይቃኛል፣ እንደገና ይራመዳል። የቆመው ለመተንፈስ እንደሆነ አውቃለሁ። ኩርፊያዬ ያን ጊዜ ሟሟ። አጠገቡ ሄጄ፣

«ላግዝህ አያ» አልሁት።

«ለዚህ ነው ትንሽ የገዛሁት» አለኝ ፈገግ ብሎ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

የገብስ ዳቦ በቅቤ፣ ጎረድ ያለ ሥጋ፣ ጠላ ቀረበልን። እሱ ከጠላው ጠጣ እንጂ ከምግቡ ብዙም አልነካም። ቤቱ በሰው ስለተጨናነቀ ዕቃው ሁሉ ዳሱ ውስጥ አደረ፤ ማጉያዋም መለወጫ ድንጋዮቹም እዚያው። ብርድ ድንጋዩን እንደሚያደክመው ከመካከላችን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ የሙሽራው ወገን ረፋድ ላይ ደረሰ። ሜዳው ላይ ገለባ ተጎዝጉዞ፣ ሽማግሌዎች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው፣ ወጣቶች ዙሪያውን ቆመዋል። ጌታሁን መካከል ላይ ባለች በርጩማ ተቀመጠና ማጉያዋን እግሩ አጠገብ አደረገ። የመጀመሪያውን ሲጫወት ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው የማጉያዋን ጀርባ ሲያዩ ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ጭብጨባው ተነሣ። ሙሽራው በኩራት ጓደኞቹን ያያል። አያ ወርቄ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔም ወንድሜ ያለ እኔ መቻሉን አየሁ። አኮራኝም፣ አመመኝም።

ዘፈን ሲከተል ዘፈን ድምፁ መሳሳት ጀመረ። መጀመሪያ የመሰለኝ ጭብጨባው የበረታ ነው። ቀጥሎ ይንኮሻኮሽ ጀመር፣ በገለባ ላይ እንደሚሄድ እግር። ጌታሁን አቁሞ ድንጋዮቹን በመለወጫው ቀየረ፤ ጣቶቹ በብርዱ ስለደነዘዙ ድንጋዮቹ ሁለቴ ከእጁ ወደቁ። እንደገና ሲጀምር ጥቂት ጎላ አለና ያም ከሰመ። ከዚያ ወዲያ ጣቶቹ ሲሄዱ ይታያሉ፣ የሚሰማ ነገር የለም።

«የታለ ድምፁ?» አለ ከሙሽራው ወገን አንዱ።

«ሳጥኗ ብርድ ያዛት» አለ ሌላው፤ ወጣቶቹ ሳቁ። ጭብጨባው ተበታተነ። ሰው ወደ ጎን መነጋገር ጀመረ። አያ ወርቄ ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩ። ሙሽራው ከጓደኞቹ ፊት ዞር አለ።

ይህን ጊዜ ተነሣሁ። ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ዜማውን አውቀዋለሁ፣ ድምፄ ያለ ማጉያ ያንን ሜዳ እንደሚያዳርስ አውቃለሁ። የአያ ወርቄ ሚስት የቀሚሴን ጫፍ ያዙ።

«የት ነው? የመሪጌታ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ቁጭ በይ» አሉኝ።

አስለቀቅኋቸው። በሴቶቹ መካከል አልፌ ሜዳው ዳር ስደርስ ጌታሁን ቀና ብሎ አየኝ። የምመጣበትን ወዲያው አወቀ። ራሱን ነቀነቀ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ ግን እንደዚያ ያለ አይሆንም አይቼ አላውቅም። ባለሁበት ቆምሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ከማጉያዋ ነቀለ። ጊታሩን ወደ ደረቱ ስቦ አፉን ከፈተ።

ያ የአባታችን ድምፅ ነበር። ከታመመ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም፤ ጨርሶ የጠፋ መስሎኝ ነበር። አልጠፋም፤ እንዳለ ተቀምጦ ኖሯል። ሜዳውን አልፎ ከማዶ ካለው ከብት ጠባቂ ደረሰ፤ ሰውየው ቆሞ ሲያዳምጥ አይቻለሁ። ሴቶቹ በእልልታ ተነሡ። ወጣቶቹ ሳቃቸውን ዋጡ፣ ከዚያ ትከሻቸው ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ሜዳው ሁሉ ጨፈረ። አንዱን ሲጨርስ «ድገም» አሉት፤ ደገመ። ሌላ አሉት፤ ሌላ ዘፈነ። ማን ያቁመው? ከዚያ ሁሉ ሰው ሐኪሙ ምን እንዳለ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። እሱ ወደ እኔ አያይም፤ ሆን ብሎ አያይም። ፊቱ ላይ ሕመም አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ደስ ያለው ይመስል ነበር፤ ይህን ማሰብ አንዳንዴ ይረዳኛል፣ አንዳንዴ ያባብስብኛል።

ዘፈኑ መካከል ላይ ቆመ። ጎንበስ ሲል ሰዉ እጅ መንሣቱ መስሎት እልል አለ። የነጠላውን ጫፍ አፉ ላይ ያዘ፤ ነጠላው ቀላ። እልልታው ቶሎ አልቆመም፤ ከፊት ያሉት ዝም ሲሉ ከኋላ ያሉት ገና እልል ይሉ ነበር።

ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መንገዱ አወረዱት። ማኪና እስኪያልፍ ድረስ በነፋሱ ውስጥ ቆምን። አያ ወርቄ ጋቢያቸውን አልብሰውት በእጀ ጠባብ ብቻ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ፤ «እኔ ነኝ የጠራሁት፣ እኔ ነኝ» ይላሉ። የሚያጽናናቸው አልነበረም። በኋላ አንድ ጎመን የጫነ ማኪና አነሣን።

ሆስፒታል ጥቂት ሳምንት ተኛ። አባታችን አንድ ቀን መጡ። ጠበል በጠርሙስ ይዘዋል። አልጋው አጠገብ ሲቆሙ ጌታሁን ሊነሣ ሞከረ፤ በእጃቸው ደረቱን ነካ አድርገው መለሱት።

«አባባ» አለ።

«ዝም በል። አትናገር» አሉት። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። ከጠበሉ በእጃቸው እየቀዱ ከንፈሩን አራሱት፣ ግንባሩን ቀቡት። ብዙ ተቀመጡ። ከዚያ ሌላ አንድም ቃል አልተነጋገሩም፤ በኋላም ጊዜ አላገኙም። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሞተ።

ፍትሐቱን የመሩት አባታችን ናቸው። ሌላ መሪጌታ እንዲተካቸው ሰው ቢለምናቸው እምቢ አሉ። ድምፃቸው አልተሰበረም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ድምፅ ነው፤ ያ እኔ ወገራ ሜዳ ላይ የሰማሁት። ድምፃቸው ባለመሰበሩ ለብዙ ዘመን ተቀይሜያቸው ነበር።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ማጉያዋን ይዤ አያ ንጉሤ ዘንድ ሄድሁ። ቤት ውስጥ ልትቀመጥ አትችልም፤ መጣልም አልሆነልኝ። ሽማግሌው ተቀበሉኝና ጠረጴዛው ላይ አኖሯት። ድንጋዮቹን አውጥተው በእጃቸው አገላበጧቸው። መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሯቸውና፣

«እንዳልነግርሽ ብሎኝ ነበር» አሉ። «አሁን ግን ለማን ብዬ እደብቀዋለሁ። ያን ቀን አንቺ ስትወጪ፣ ምነው ልጄ፣ ትልቁን ወደኸው አልነበር ወይ አልሁት። ‹ወድጄዋለሁ› አለኝ። ‹ግን እሱን ከገዛሁ እሷ ትሸከመዋለች። ከኔ ጋር ከወጣች ትዘፍናለች። አንዴ ከዘፈነች አባባ በሩን ይዘጉባታል። እኔ ደግሞ ብዙ አልቆይም፤ እኔ ስሄድ የት ትገባለች?› አለኝ። ቃሉ ይኸው ነው።»

እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። የቤቱ መንገድ ግን ትዝ ይለኛል፤ ፀሐዩ ኃይለኛ ነበር፣ አራዳ ገበያ በርበሬ ተሰጥቶ ሰው ሁሉ ያስነጥስ ነበር።

አባታችን ደጅ ላይ ተቀምጠው መጽሐፍ ያያሉ። ፊታቸው ቆሜ አያ ንጉሤ የነገሩኝንም እኔ ያየሁትንም ሁሉ፣ ከወተቱ እስከ ማይክሮፎኑ፣ ጌታሁን ወገራ ሜዳ ላይ ራሱን እስከነቀነቀበት ድረስ ነገርኋቸው። እንዲያስተባብሉ ነበር የምፈልገው። ልጄ፣ እንዴት በርሽን እዘጋለሁ፣ ተሳስቶ ነው እንዲሉኝ። ሰምተውኝ ሲያበቁ መጽሐፉን ከደኑ። ወደ ግቢው በር ለብዙ ጊዜ ሲያዩ ቆዩና፣

«ልክ ነው» አሉ። «እዘጋብሽ ነበር።»

ተነሥተው መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ደብራቸው ሄዱ። ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አንሥተን አናውቅም። እኔም አልዘፈንሁም። ተምሬ አስተማሪ ሆንሁ፤ ዳባትም ጎንደርም ብዙ ዘመን አስተማርሁ። አባታችን ሲያረጁ የጦርኋቸው እኔ ነኝ፤ የሞቱትም በቤቴ ነው። በመጨረሻቸው ዓይናቸው ጠፍቶ ስለነበር ስገባ በእግሬ ኮቴ ያውቁኝ ነበር። አንዳንዴ ተሳስተው «ጌታሁን ነህ?» ይሉኛል። «አይደለሁም አባባ» እላለሁ፤ እሳቸውም «እሺ» ይላሉ።

አሁን ዕድሜዬ አባታችን ከሞቱበት ሊደርስ ነው። ይህን ታሪክ የነገርኋቸው ጥቂት ሰዎች ሁሉ ወንድሜን ያመሰግኑታል፤ እንዲህ ያለ ወንድም ይባረክ ይላሉ። እኔም አመሰግነዋለሁ። ቤት ኖሮኝ፣ ሙያ ኖሮኝ፣ ተከብሬ የኖርሁት እሱ ባሰበልኝ መንገድ ነው። ልክ እንዳሰበው ሆኗል፤ አንድም የጎደለ ነገር የለም። ብቻ አልጠየቀኝም። ያን ቀን ጓሮው ውስጥ ሁለታችን ቆመን ሳለ፣ የሚያስበውን ነግሮኝ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ ቢለኝ ኖሮ ምን እንደምመልስለት ያኔም አውቅ ነበር፤ ዛሬም አውቃለሁ።

በየዓመቱ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ስሙን ለካህኑ እሰጥና ጸሎቱ እስኪያልቅ እቆማለሁ። ሰው ሲበተን እኔ ጥቂት እቆይና እቆጣዋለሁ። ድሮ እንደ ታናሽ ነበር የምቆጣው፣ እያለቀስሁ። አሁን እሱ ያው ወጣት ነው፤ እኔ ሸብቻለሁ፤ የልጅ ልጄ ሊሆን የሚችል ልጅ ፊቴ የቆመ ይመስለኛል። ቁጣዬም የአያት ቁጣ ሆኗል፤ ከአፌ ሲወጣ ለዘብ ይላል። ግን እቆጣዋለሁ፣ እስከ ዛሬ አልተውሁም። ከዚያ ነጠላዬን አስተካክዬ ቀስ እያልሁ ወደ ቤቴ እወርዳለሁ።